ሳይፈነዳ የነቀነቀን ተራራ፦ ከፈንታሌና ዶፈን እስከ ቦሌ አራብሳ

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ አዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ባለው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተኛ ሰው በሙሉ ነቃ። ምድር ቤት ከሚኖሩት ግን ነገሩን ጠዋት ከጎረቤት የሰሙም ነበሩ። የመንቀጥቀጡ መነሻ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ባለው ሜዳ ሥር ነው። መጠኑ በሬክተር ስኬል 5.8 ተብሎ ተነገረ።

በዋዜማው፣ ዓርብ ዕለት፣ ዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ደርሶ ነበር። ሰፈሩ ሁለቱን አያያዘና የራሱን መደምደሚያ ሰጠ፦ ዓርብ መሬት ፈላ፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ቤታችን ተወዛወዘ፤ እንግዲህ እሳቱ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ጋቢ ለብሶ በብሎኮቹ መሀል ቆሞ ያነጋው ሰው ብዙ ነው። ዘመድ ቤት የሄደም አለ።

እኔ የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው፣ የምኖረውም እዚያው ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ ማብራሪያው ወደ እኔ ተገፋ። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት እጃቸውን ከሰፈራችን ወደሚታየው የረር ተራራ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እሱ ነው ሊፈነዳ ያለው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ እሱ ሥራውን ከጨረሰ ቆየ።»

«ታዲያ ማን ነው የነቀነቀን?»

ከዚህ በታች ያለው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው፤ ስብሰባው ላይ ከተባለው ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ሜዳው ሥር የሆነው

ፈንታሌን በጅቡቲ መስመር የተመላለሰ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። መተሐራን ሲያልፉ በስተግራ የሚገተረው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,007 ሜትር ከፍ ያለው ተራራ ነው። ከሩቅ ሙሉ ጫፍ ያለው ይመስላል እንጂ አናቱ ከጥንት ጀምሮ ተደርምሶ፣ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመትና ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለው ሞላላ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ካልዴራ የሚባለው። ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የጋለ አመድና ጋዝ እንደ ጎርፍ ወርዶ በዙሪያው ተነጠፈና በራሱ ሙቀት ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። ዛሬ እዚያ ሲሄዱ የሚረግጡት አረንጓዴ መልክ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ይኸው ነው። የመጨረሻው ፍንዳታ ግን ቅርብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከደቡባዊ ግርጌው በተከፈተ ስንጥቅ ጥቁር ላቫ ወጥቶ እስከ በሰቃ ሐይቅ አቅራቢያ ፈሷል። ከዋናው መንገድ በዓይን ይታያል፤ ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል።

ዶፈን ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአፋር ክልል ገቢ ረሱ ዞን ይገኛል። 1,151 ሜትር ብቻ ነው፤ ከሜዳው ብዙም ስለማይለይ ተራራ ነው ብሎ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ድኝ ያዘሉ የእንፋሎት ቀዳዳዎችና ፍል ውሃዎች ግን ከዱሮም ነበሩት፤ ሁለቱም ተራሮች ለእንፋሎት ኃይል ማመንጫነት ከሚታሰቡት ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ያሉትም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ተራሮች የቆሙበት መሬት ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ምዕራቡ ወገን ከምሥራቁ እየተለየ የሚሄድበት። በዚህ አካባቢ ልዩነቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን መሬት በየዓመቱ 5 ሚሊ ሜትር እየለካች አትከፈትም። ለብዙ ዘመን ትለጠጥና ትወጠራለች፤ ከዚያ አንድ ቀን ከሥር ያለው ቅልጥ ድንጋይ፣ ማግማው፣ የሚገባበት ደካማ ቦታ ያገኛል። የሚገባውም በስምጥ ሸለቆው አቅጣጫ እንደተተከለ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ነው። ይህን ዳይክ እንለዋለን። ማገዶ ፈላጭ ግንዱ ውስጥ ሽብልቅ ሲመታ ስንጥቁ ከሽብልቁ ቀድሞ እየጮኸ ይሄዳል፤ ዳይክም ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ጫፉ ላይ ያለው ዓለት እየተሰበረ ይሄዳል። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚደርሰን ያ ስብራት ነው።

ነገሩ በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም። የጀመረው በመስከረም 2017 ነው። መስከረም 26 ምሽት ላይ የደረሰው 4.9 አዲስ አበባም ተሰምቶ፣ ያን ጊዜም ከፎቅ የወረደ ሰው ነበር። ከዚያ ጋብ አለ፤ ሰውም ረሳው። በታኅሣሥ እንደገና ሲነሳ ግን ቦታ ለወጠ፦ ከፈንታሌ ተነስቶ ወደ ዶፈን አቅጣጫ እየገፋ ሄደ። ይህን ያወቅነው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የመንቀጥቀጦቹ መነሻ ነጥብ በካርታ ላይ ሲቀመጥ የሚሠራው መስመር ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት በየጊዜው ሲናገር የነበረውም ይህንኑ ነው። ሌላው ሴንቲነል 1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ነው፤ ያንኑ መሬት በየተወሰነ ቀን እየመላለሰ ስለሚለካ የተነሳውንና የሰመጠውን ያሳያል። የታየው ነገር ግልጽ ነበር። መሀሉ ሰመጠ፣ ግራና ቀኙ ተነሳ፣ ሁለቱ ጎኖች ተራራቁ። ልዩነቱ በሚሊ ሜትር የሚነገር አልነበረም። አንድ ሜትር ብቻ ነው ብንል እንኳ በ5 ሚሊ ሜትር ሂሳብ የ200 ዓመት ዕዳ በሳምንታት ተከፈለ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ማግማ ለምን አልወጣም? ስብሰባው ላይ በጣም ያከራከረው ይህ ነው፤ «ካልወጣ ሊወጣ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በቀላሉ አይለቅም። ማግማው ወደ ላይ የሚገፋው ወደ ጎን የሚሄድበት ሲያጣ ነው። ስምጥ ሸለቆው ራሱ እየተከፈተ ቦታ ሲሰጠው ግን ወደ ጎን ፈሶ እዚያው ጥልቀት ላይ ይረጋል። እኛ አገር የዚህ ዋና ምስክር በ1998 ዓ.ም መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ ላይ የሆነው ነው፦ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ ገባ፣ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ፣ ከዚያ ሁሉ ማግማ ውስጥ ወደ ላይ የወጣው ግን ዳኡሬ በተባለ አንድ ስንጥቅ የተፋው ጥቂት አመድና ድንጋይ ብቻ ነበር። ፈንታሌና ዶፈን ላይ በ2017 ላቫ አልፈሰሰም።

ይህ ማለት ግን ጉዳት አልነበረም ማለት አይደለም። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ ቤቶች ፈርሰዋል፣ መንገድ ተሰንጥቋል፤ መንግሥት ወደ 80,000 ሰው ከአካባቢው ለማንሳት ሥራ ጀምሮ ነበር። ቦሌ አራብሳ ላይ የኛ ፍርሃት ሲወራ፣ ሰገንቶ ላይ ከነከብቱና ከነልጆቹ ሜዳ ላይ የወደቀው አርብቶ አደር እምብዛም ሳይነሳ ማለፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከመሬት የወጣው ውሃ

የዓርቡ ቪዲዮ ከመንቀጥቀጡ የበለጠ ያስፈራው ስለታየ ነው። የሚታየው ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነበር።

ዶፈን ባለበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ከዚያም ዝቅ ብሎ በ92 አካባቢ ነው፤ ሽሮ ቶሎ ፈልቶ ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው። ከመሬት በታች ሁለት መቶ ሜትር ወርደን ብንለካ ግን ከላይ ያለው ውሃ ክብደት ስለሚጫን፣ ከ200 ዲግሪ ቢበልጥም ሳይፈላ ውሃ ሆኖ መቆየት ይችላል። ዳይክ አቅራቢያው ሲገባ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ያሞቀዋል፣ ዓለቱንም ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ የጋለው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ በውሃነቱ ከነበረው ቦታ ከ1,600 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። የሚያገኘው መውጫ ጠባብ ነው። ጭቃውንና ድንጋዩን ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጮኸ፣ ጨሰ፣ ድንጋይ ወረወረ፤ ማግማ ግን አልነበረም። አጠገቡ ለቆመ ሰው ይህ ልዩነት ብዙም አያጽናናም፤ በእንፋሎት መቃጠልም ሞት ነው። 140 ኪሎ ሜትር ርቆ ለተኛ ሰው ግን ልዩነቱ ሁሉም ነገር ነው።

ያው ውሃ ረጋ ብሎ ሲወጣ ደግሞ ሰው ለመዝናናት የሚሄድበት ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል ያለው ፊልውሃ፣ በዘንባባ ዛፎች የተከበበው ሰማያዊና ጥርት ያለ ኩሬ፣ የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። ከግራና ከቀኝ ባሉት ደጋዎች ላይ የዘነበ ዝናብ በስንጥቅ ወርዶ፣ ከታች ባለው ሙቀት ግሎ፣ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጨውና ፍሎራይድ ያጥባል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች የምናየው ውሃው ከዚህ ድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ነው።

ስለ ውሃ ካነሳን አይቀር፣ ማንም በስልክ የማይቀባበለው አንድ ጉዳይ አለ፦ በሰቃ ሐይቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ አድጎ ከ40 በላይ ደርሷል። የከረዩ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ ዋጠ፣ መንገዱና የባቡር ሐዲዱ ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ አስገደደ፣ የሸንኮራ እርሻውን ጠርዝ አበላሸ። ምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም፤ አንዳንዱ የመስኖ ትርፍ ውሃ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከታች የሚመግቡት ፍል ምንጮች ናቸው ይላል፤ ሁለቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። እኔን ብትጠይቁኝ የመተሐራን ሰው ኑሮ ከፈንታሌ አፍ ይልቅ ይህ ድምፅ የሌለው ውሃ ለውጦታል።

የረርስ?

የረር ከሰፈራችን ጎልቶ ስለሚታይ ሐሜቱ ሁሉ እሱ ላይ ማረፉ አይገርምም። እሳተ ገሞራ እንደነበረም እውነት ነው። በምዕራብ በኩል ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪም እንዲሁ። አዲስ አበባ በአሮጌ እሳተ ገሞራዎች ተከብባ የተሠራች ከተማ ናት። ነገር ግን የእነዚህ ሦስቱ ድንጋይ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነው። የረር እንዲያውም ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል ድረስ የሚዘልቅ፣ አምቦንና ወሊሶን የሚነካ የጥንት ስብራት መስመር ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ከዚያ በኋላ የእሳቱ ሥራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ወርዷል፤ ፈንታሌና ዶፈን ያሉት እዚያ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ግን በቀላሉ አልለቀቁኝም። «ከተማችን መሀል ፍል ውሃ አለ አይደል እንዴ? እቴጌ ጣይቱ የወደዱት? ከሥሩ እሳት ከሌለ በምን ሞቀ?» አሉ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር «ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ሙቀት አለ» ብዬ ነው የጀመርኩት። ፍልውሃ የሚወጣው በስሙ በሚጠራ፣ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚሄድ ስብራት ላይ ነው። የዝናብ ውሃ በዚያ ስብራት ጠልቆ ይወርዳል፤ የስምጥ ሸለቆ ዳር ላይ ስላለን ወደ ታች በተወረደ ቁጥር መሬቱ ከሌላው ቦታ ቶሎ ቶሎ ይሞቃል፤ ውሃው ሞቆ ይመለሳል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር የነበረ ሙቀት ነው፣ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። ፍል ውሃ መኖሩ ብቻውን የሚመጣ ፍንዳታን አይናገርም። የሚያሳስበው የነበረው ሲለወጥ ነው፦ ድንገት ሲግል፣ ሲደፈርስ፣ ሲደርቅ፣ አዲስ ቦታ ሲወጣ።

ስለ አሮጌነት ስናወራ ቢሾፍቱን ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። እነሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ የተኙበት ጎድጓዳ ማግማ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳ ጊዜ የተቆፈረ ነው፤ በጂኦሎጂ ዕድሜም ከየረር በጣም ወጣት ነው። ከኛ ሰፈር ሲቆጠር የቅርብ ጎረቤት ነው። በ2017 የታየው እንቅስቃሴ እዚያ አልነበረም፤ ሆኖም መከታተያ መሣሪያ የት ይብዛ ተብሎ ቢጠየቅ እኔ ከየረር በፊት ቢሾፍቱን እጠቁማለሁ።

ግድግዳው

ለቦሌ አራብሳ ሰው ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ላቫ አይደርሰንም፤ የዶፈን እንፋሎትም አይደርሰንም። የሚደርሰን ንዝረት ነው፣ ንዝረቱ የሚያገኘው ደግሞ ሕንፃውንና ሕንፃው የቆመበትን አፈር ነው።

የምሥራቁ የከተማ ዳር በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ገበሬ መረሬ የሚለው፣ በክረምት የሚያሰምጠው፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ነው። ለጤፍና ለሽምብራ የተባረከ ነው፤ ለመሠረት ግን አስቸጋሪ ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ በላዩ ያለውን ቀላል ግድግዳ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ደግሞም ለስላሳ አፈር ከዓለት የሚመጣን ንዝረት ያጎላዋል። ከሩቅ የመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ስለሚከስም፣ የሚቀረው ቀስ ብሎ የሚያወዛውዘው ነው፤ ይህን ደግሞ ከምድር ቤት ይልቅ ላይኛው ፎቅ ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ ሲጮህ ምድር ቤት የተኛበት ምክንያት ይኸው ነው። ማንም አልዋሸም።

ከመንቀጥቀጡ ማግስት ሁሉም ሰው ግድግዳውን ማየት ጀመረ፣ ሁሉም ሰው ስንጥቅ አገኘ። አብዛኛው ስንጥቅ ግን ቀድሞም ነበር፤ ያየው አልነበረም እንጂ። የብሎኬት ግድግዳ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቀጭን መስመር ሁለቱ ቁሶች እኩል ስለማይሸማቀቁ የሚመጣ ነው፤ ያስጠላል እንጂ ሕንፃ አይጥልም። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ የአፈሩ ሥራ ነው። የሚያሳስበው ምሰሶውን ወይም ቢሙን (አግዳሚውን ኮንክሪት) ራሱን የቆረጠ፣ ሲሚንቶው ረግፎ ብረት የሚያሳይ፣ ወይም ምሰሶና ቢም በሚገናኙበት አጠገብ በሰያፍ የሄደ ነው።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። በየስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ መስመር አሰመርን፣ ቀን ጻፍን፣ በስልክ ፎቶ አነሳን። በመንቀጥቀጥ የተከፈተ ስንጥቅ በአንድ ጊዜ ተከፍቶ እዚያው ይቀራል። የጥቁር አፈር ስንጥቅ ግን ከወቅት ጋር ይሄዳል፤ በበጋ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ግን ስንጥቁ ሳይሆን ሮቶው ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየደረጃው ማረፊያና በየበረንዳው የውሃ ታንከር ተደርድሯል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ያልታሰረ አንድ ቶን ደረጃው ላይ ቢገለበጥ መውጫ የለም። ደረጃው ላይ የነበሩት ይነሱ ሲባል «ውሃውን ማን ያመጣልናል?» የሚል ተቃውሞ መጣ፣ ተቃውሞውም እውነት አለው። በመጨረሻ የተወሰኑት ወደ ምድር ወረዱ፣ የተወሰኑት በብረት ታሰሩ፣ አንዳንዶቹ እንዳሉ ናቸው። የጋዝ ሲሊንደር ከመውጫ በር አጠገብ እንዲነሳ የተባለው ግን ያለ ክርክር ተፈጸመ።

ከዚያ ወዲህ

የካቲት 7 ቀን ዓርብ ማታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ28 ላይ 6.0 መጣ። ከታኅሣሡ የበለጠ ነው። ሰው እንደገና ወረደ፣ ግን የመጀመሪያውን ያህል አልተጋፋም። ከዚያ በኋላ እየተራራቀና እየቀነሰ ሄደ። በእኛ ታሪክ ከዚህ የሚበልጡ ታይተዋል፤ በ1898 ዓ.ም ነሐሴ የደረሰው አዲስ አበባን ያስደነገጠ ነበር፣ በ1953 ዓ.ም ደግሞ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማጀቴንና ካራቆሬን የመታው ማጀቴን አፍርሷታል። ያኔ የዛሬው ቦሌ አራብሳ እርሻ ነበር። በሬክተር መለኪያ አንድ ቁጥር መጨመር የሚለቀቀውን ኃይል 32 ጊዜ ገደማ ያበዛል፤ ስለዚህ 5.8ን የቻለ ሕንፃ ለ6.8 ማረጋገጫ አይሆንም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ከእኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአፋር በረሃ፣ በኤርታ አሌ ሰንሰለት ያለው ኃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በታወቀ ታሪክ ፈንድቶ አያውቅም ነበር። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ፤ በረራ አስተጓጎለ፣ አፍዴራ አካባቢ ያሉትን መንደሮች በአመድ ሸፈነ። ቦሌ አራብሳ ግን ከፎቅ የወረደ ሰው አልነበረም። ያልፈነዳው ነቀነቀን፣ የፈነዳው አልተሰማንም። ሁለቱን አደጋዎች በአንድ ስም «እሳተ ገሞራ» ብለን ስንጠራ የምንሳሳተው እዚህ ነው፦ ፍንዳታ የሚነግረን የነፋሱን አቅጣጫ እንድናይ ነው፣ ዳይክ የሚነግረን ቤታችንን እንድናይ ነው።

በእርሳስ ያሰመርንባቸውን ስንጥቆች በክረምቱ መጨረሻ አየናቸው። ብዙዎቹ ጠብበው ነበር፤ ጥቅምትና ኅዳር ሲደርቅ ተመልሰው ተከፈቱ። የአፈሩ ሥራ ነው። በደረጃው በኩል ያለው፣ ምሰሶና ቢም በሚገናኙበት አጠገብ ያለው አንዱ ግን ክረምት ከበጋ አልተለወጠም። ኮሚቴው ከነፎቶውና ከነቀኑ ጽፎ፣ ምሰሶው በመሐንዲስ እንዲታይ ጠይቋል። እስኪታይ ድረስ እዚያ ደረጃ ላይ ሮቶ ማስቀመጥ ተከልክሏል።